ወዬሳ ጆቴና የደከመው ብረት

የሥራ ባልደረባዬን አምባዬን የገደለው ሻፍት የተሰበረው ታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ማክሰኞ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በነበረ አንድ የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ፋብሪካው ዛሬ ስለሌለ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም። ወልደአማኑኤል እባላለሁ፤ የምጽፈው ግን ስለ ወዬሳ ጆቴ ነው።

ወዬሳ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ወለንጪቲ ተወልዶ፣ ብረት መቅረጽ የተማረው ናዝሬት በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። ቶርኖው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ከንፈሩን ይነክሳል፤ የጨረሰውን ዕቃ በአውራ ጣቱ ሳይዳስስ ለማንም አያስረክብም። ፋብሪካው ጥጡን በወፍራም ቧንቧ እየነፉ ወደ መዳመጫው የሚነዱ ሦስት ትልልቅ ቬንትሌተሮች ነበሩት። ክንፎቻቸውን የሚያዞሩት ዘንጎች፣ ሻፍቶቹ፣ ሲያረጁ ከውጭ የሚመጣ ጠፋ። ስለዚህ ሰኔ 1968 ላይ ወዬሳ ሦስቱንም ከአንድ ረጅም ዘንግ ቆርጦ ቀረጻቸው። ዘንጉን ከመጋዘን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ሻፍት በደቂቃ አንድ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ጊዜ ይዞራል፤ ሌትና ቀን፣ ክረምትና በጋ።

ያን ማክሰኞ የተሰበረው የቁጥር አንድ ሻፍት ነው። ፍንዳታ ሰምቼ መሬት ተኛሁ፤ በዚያ ዓመት ቦምብ እንግዳ ነገር አልነበረም። ቀና ስል የቬንትሌተሩ የላሜራ ሽፋን እንደ ወረቀት ተቀድዷል፤ ክንፋሙ መዘውር ግድግዳውን በስቶ ግቢው ውስጥ ወድቋል። በመንገዱ ላይ አምባዬ ነበር። ጥጥ ሲመግብ የነበረው ሰው ከወገቡ በላይ አንድ ቦታ፣ ከወገቡ በታች ሌላ ቦታ ተኝቷል። ጥጡ ደሙን እየጠጣ ከሥር ወደ ላይ ይቀላ ነበር። አጠገቡ ጥጥ ስትመግብ የነበረችው በድሪያ ቀኝ ክንዷ ከክርኗ በላይ ተቆርጦ፣ ጉቶውን በግራ እጇ ይዛ «ያ ራቢ! ያ ራቢ!» እያለች በአንድ ቦታ ትሽከረከራለች።

ከሁላችን ቀድሞ የደረሰው ወዬሳ ነው። ቀበቶውን ፈትቶ ጉቶውን ጥብቅ አድርጎ አሰረላት፤ መኪና ላይ ጭነን ሆስፒታል ላክናት። ከዚያ ተመልሶ የተሰበረው ሻፍት ፊት ተንበረከከ።

«ሰው ሞቶ ብረት ታያለህ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ወልደአማኑኤል፣ ይቺን እያት» አለኝ።

የብረቱ ስብራት ሸካራ ነው። ከጠርዙ ገባ ብሎ ግን አንድ ሳንቲም የምታክል የምታብረቀርቅ ክብ ነበረች፤ መሃሏ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የመሰለ ጥቁር ነጥብ አለ። ከቆቃ ሐይቅ እየተጠመደ የሚሸጠውን ዓሣ ዓይን ትመስላለች።

«የተሰነጠቀው ከውስጥ ነው» አለ። «ከውጭ ቆዳው ደህና ነበር። እዳስሰው ነበር እኮ፤ በየወሩ እዳስሰው ነበር።»

የፋብሪካው አብዮት ጥበቃ መሪ ገብረወልድ የሚባል፣ ከአብዮቱ በፊት ጥጥ መዛኝ የነበረ ሰው ነው። የአምባዬ ሚስት እህቱ ናት። ሬሳውን በጆንያ ጠቅልሎ ያነሳው በገዛ እጁ ነው፤ ሐዘኑ የውሸት አልነበረም። በማግስቱ ስብሰባ ጠርቶ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሻፍቱን የቀረጸ ይነሳ!»

ወዬሳ ተነሳ።

«ያንን የሚያህል ብረት በዓመት ተኩል እንዴት ለሁለት ይከፈላል?»

«ጓድ ገብረወልድ፣ ብረቱ ደክሞ ነው።»

«ብረት ይደክማል?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ገብረወልድ ግን አልሳቀም። ከመድረኩ ወርዶ በሽጉጡ እጀታ ወዬሳን አፉ ላይ መታው። ሁለት ጥርሶች ሲሚንቶው ላይ ሲወድቁ ድምፃቸው ተሰማ። እስኪወድቅ መታው፤ ከወደቀም በኋላ ጎኑን በጫማው ረገጠው።

«ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው! ሻፍቱን በመጋዝ ከፍሎ ነው የገጠመው! አሻጥረኛ ነው የምትሉ እጅ አውጡ!»

ሁሉም አወጣ። እኔም አወጣሁ።

ወዬሳን የቀበሌው እህል ማከማቻ በነበረ ቤት አርባ ከሚሆኑ ሰዎች ጋር አጎሩት። ከጎኑ የእህል ወፍጮ አለ። ሊገርፉ ሲሉ ጩኸቱ እንዳይሰማ የወፍጮውን ሞተር ያስነሳሉ። እጅና እግሩን አንድ ላይ አስረው፣ በጉልበቱ ሥር እንጨት አሳልፈው፣ እንደታረደ በግ ዘቅዝቀው ሰቀሉት፤ ወፌ ላላ ይሉታል። የውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉታል።

«መጋዙን የት ጣልከው? ኢሕአፓ ነው የላከህ?»

«ከውስጥ ነው የተሰነጠቀው። መጋዝ ቆዳውን ሳይነካ እንዴት ውስጡ ይገባል?»

በአራተኛው ቀን ገብረወልድ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ከተማው ውስጥ ካለ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ሶቭየት ኅብረት ተምራ የተመለሰችውን የብረታ ብረት መምህርት ወይዘሪት ይርጋለምን ጠይቋት ነበር። ሻፍቱን አላሳያትም። ይርጋለምም መጽሐፏ ውስጥ ያለውን ጻፈች፦ አንድ ብረት የተጫነበትን ጭነት ተሸክሞ አሥር ሚሊዮን ጊዜ ዞሮ ካልተሰበረ በዚያው ጭነት ዕድሜ ልኩን አይሰበርም፤ ይህ ሻፍት ከዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ስለዞረ በራሱ ተሰብሯል ለማለት አይቻልም። ደብዳቤውን ለወዬሳ ተዘቅዝቆ እንደተሰቀለ አነበቡለት።

«ሳይንስ ራሱ መሰከረብህ» አለው ገብረወልድ።

ያን ቀን ሞተሩ እስኪመሽ አልጠፋም። የቀኝ እግሩ ሁለት ጣቶች ተቀጥቅጠው ጠቆሩ፤ በኋላ አብሮት የታሰረ አንድ ቁስል አካሚ ድሬሰር በምላጭ ቆረጠለት።

በዚያ ሳምንት የወዬሳ ሚስት እልፍነሽ መጋዘን መጣች። እሷም እዚያው ፋብሪካ ጥጥ ትለቅማለች። ከበሩ ሳትገባ ቆመች።

«እጅህን ስታወጣ አይቼሃለሁ» አለችኝ። «ለሱ አልመጣሁም። የተሰበረውን ብረት ስጠኝ፤ ደብዳቤውን ለጻፈችው መምህርት አሳያታለሁ። ከዘንጉም የተረፈ ቁራጭ ካለ ስጠኝ።»

«እልፍነሽ፣ ቢይዙሽ...»

«ከዚህ በላይ ምን ያደርጉኛል?»

ሰጠኋት። የሻፍቱን ስባሪና ሁለት ስንዝር የሚሆን ቁራጭ በጀርባዋ አሰረች፤ ከላይ ጋቢ ደረበች። በጥበቃዎቹ መሃል ጎንበስ ሳትል አለፈች። ያ ብረት ወንድ የሚያንገዳግድ ነበር።

ይርጋለምን ያገኘቻት ባዶ ክፍል ውስጥ የተማሪ ወረቀት ስታርም ነው።

«ደብዳቤውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«የቱን ደብዳቤ? እርስዎ ማን ነዎት?»

«የሚገረፈው ሰው ሚስት ነኝ።» ስባሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው፤ የቀለም ጠርሙሱ ተገለበጠ። «ሳያዩ ፈረዱበት። አሁን ይዩት!»

ይርጋለም መነጽሯን አውልቃ በማጉያ መስተዋት ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«መጋዝ ቢሆን ጠባሳው ከቆዳው ይጀምር ነበር» አለች። «ይህ የጀመረው ከዚህች ነጥብ ነው። ብረቱ ሲቀልጥ ውስጡ የቀረች ቆሻሻ ነች። በዞረ ቁጥር ዙሪያዋን ትንሽ ትንሽ እየከፈተች...»

«እንግዲያው ለምን አይሰበርም ብለው ጻፉ?»

«መጽሐፉ ነው ያለው። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች አሥር ሚሊዮን ላይ ሲደርሱ ማሽናቸውን አጠፉ። ከዚያ በላይ ቆሞ የጠበቀ የለም።»

«ቢጠብቁ ምን ያዩ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ይወቁታ!» አለች እልፍነሽ።

ይርጋለም በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመረች። ከትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ በሁለት ወገን ድንጋይ የሚያዞር የስለት መሳያ ሞተር ወስዳ ድንጋዮቹን ፈታች። ከቁራጩ ብረት ጣት የሚያካክሉ ሁለት ናሙናዎች አስቀርጻ በግራና በቀኝ አሰረች። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ብረቱ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ገጥማ ከሥሩ የሚዛን ድንጋይ አንጠለጠለች። ብረቱ ሲዞር ጭነቱ በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ያጎብጠዋል፣ አንዴ ያቃናዋል። ሞተሩ በቀን አራት ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። የበራበትንና መብራት የጠፋበትን ሰዓት ደብተር ላይ እየጻፈች ትደምር ጀመር። ለተጠየቀ ሁሉ የተማሪዎች ልምምድ ነው ትላለች።

በሦስተኛው ቀን አሥር ሚሊዮን አለፈ። ምንም አልተሰበረም። እልፍነሽ በየቀኑ ለባሏ ምሳ አድርሳ ስትመለስ በትምህርት ቤቱ በኩል ታልፋለች። ስንቁ ሳይበላ ከተመለሰ ሰውየው የለም ማለት ስለነበር፣ ሳህኑን ስትቀበል ባዶ መሆኑን እዚያው በሩ ላይ ገልጣ ታያለች። አንድ ቀን በተመለሰላት ሸሚዝ ላይ የተላጠ የጀርባው ቆዳ ተጣብቆ ነበር። በየጠዋቱ በየመንገዱ ዳር ሬሳ ይጣላል፤ ደረታቸው ላይ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ካርቶን ይለጠፋል። ከወዬሳ ጋር ከታሰሩት አርባ ሰዎች በመጀመሪያው ወር አሥራ አንዱ እየተጠሩ ወጥተው አልተመለሱም። ከነሱ አንዱ ቁራሽ እንጀራውን ለወዬሳ ትቶለት ነው የወጣው።

ሃምሳ ሚሊዮን። ሰማንያ። መቶ። ይርጋለም እንቅልፍ አጣች። ብረቱ ካልተሰበረ ደብዳቤዋ እውነት ነው፤ ሰውየውም ይሞታል። በሠላሳ አራተኛው ቀን፣ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ እያሉ፣ የግራው ናሙና እንደ ጥይት ጮኾ ተሰበረ። የተንጠለጠለው ድንጋይ ወድቆ ወለሉን ፈለጠው። ደብተሩ መቶ ሠላሳ ሚሊዮን ይላል። ስብራቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ከቆዳው ገባ ብሎ፣ ትንሽዬ የምታብረቀርቅ ክብ፣ መሃሏ ጥቁር።

ናሙናውን በመሐረብ ጠቅልላ ብቻዋን ገብረወልድ ቢሮ ገባች። እኔ ውጭ ቆሜ እሰማ ነበር።

«ጓድ፣ የጻፍኩልዎ ደብዳቤ ስሕተት ነው። ሰውየው አልዋሸም። ቁጥር ሁለትና ቁጥር ሦስትም ከዚያው ዘንግ ስለሆኑ ዛሬውኑ መቆም አለባቸው።»

የጥፊ ድምፅ ተሰማ።

«አንዴ ፈርመሻል!» አላት። «የአብዮቱ ፍርድ እንደ ሸሚዝ አይገለበጥም! ማምረት የምታስቆሚ ከሆነ ከሱ ጎን ቦታ አለ!»

ስትወጣ ጉንጯ ላይ አራት ጣት ታትሟል። እልፍነሽ የጥጥ ክምሩ ጥግ ትጠብቃት ነበር።

«ምን አለ?»

«ቁጥር ሁለት አይቆምም አለ።»

እልፍነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ በሠራተኛው መሃል ቀጥ ብላ ሄዳ የቁጥር ሁለትን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ታች ሳበችው። ከዚያ ጀርባዋን ለሳጥኑ ሰጥታ ቆመች። ቬንትሌተሩ እየተነፈሰ፣ እየዘገየ፣ ቆመ። በዓመት ተኩል ውስጥ ቁጥር ሁለት ጸጥ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ጥበቃ እየሮጠ መጥቶ በጠመንጃ ሰደፍ ትከሻዋን መታት። አጥንቷ ሲሰበር ሰማነው። አልወደቀችም። ሁለተኛ መታት፤ በጉልበቷ ወደቀች፤ እጇን ከማብሪያው ላይ ግን አላነሳችም። ገብረወልድ ሽጉጡን መዞ ወደ ጣሪያው ተኮሰ።

«ተነሺ! በሦስት ካልተነሳሽ ግንባርሽን ነው! አንድ!»

ያን ቀን በድሪያ ከሆስፒታል ከወጣች ገና ሳምንቷ ነበር፤ የሥራ ነገር ልትጠይቅ መጥታለች። ባዶ እጅጌዋን በመርፌ ቁልፍ ትከሻዋ ላይ አያይዛ፣ ሳትቸኩል መጥታ ከእልፍነሽ ፊት ቆመች።

«የቀረኝ አንድ ክንድ ነው፤ እሱንም ውሰደው» አለችው። «አምባዬ አጠገቤ ነው የሞተው። እህትህን ዓይኗን አይቼ ልነግራት እችላለሁ፤ አንተ ትችላለህ?»

ለቃሚዎቹ ሴቶች አንድ በአንድ መጥተው ከጎኗ ተደረደሩ። ገብረወልድ ሽጉጡን አላወረደም፤ ሁለት ብሎም አልቆጠረም። እስከዚያ ድረስ በቢሮው ተደብቆ የኖረው ሥራ አስኪያጅ ነው ወጥቶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ «ሻፍቱ ወጥቶ ይታይ» ያለው።

የቁጥር ሁለትን ሻፍት አወጣነው። ከላይ ልስልስ ነው፤ ጭረት የለበትም። ገብረወልድ በጣቱ ዳስሶ «የታለ?» አለ። ይርጋለም መዘውሩ የሚቀመጥበትን ቦታ አሳየችን፤ እዚያ ላይ ዙሪያውን ፋቅ አድርገን ከፋብሪካው ወርክሾፕ ከባድ መጭመቂያ ሥር አስገባነው። ስድስት ወንዶች የመጭመቂያውን እጀታ ጎተትን። ብረቱ ጮኸና ለሁለት ተከፈለ።

ያቺ የዓሣ ዓይን እዚያ ነበረች። ከመጀመሪያይቱ ታንሳለች፤ የሽንብራ ፍሬ ታክላለች። በዙሪያዋ ማንም ያልነካው ደህና ብረት አለ።

ገብረወልድ ክቧን ለረጅም ጊዜ አያት። «የአምባዬም እንዲህ ነበር?» አለ፣ በማላውቀው ድምፅ።

«እንዲሁ ነበር» አለችው ይርጋለም።

ጥጡ ላይ ተቀመጠ። እንደ ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በማግስቱ ግን ስብሰባ ጠርቶ ብረቱ የኢምፔሪያሊስቶች አሻጥር መሆኑ ተደርሶበታል ብሎ አወጀ። አጨበጨብን።

ወዬሳ የተፈታው ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ነው። በጋሪ አመጣነው። እልፍነሽ አንገቷ ላይ በታሰረ ጨርቅ ክንዷን አንጠልጥላ በር ላይ ቆማ ነበር። ሊያቅፋት ሲል ትከሻዋን፣ ልታቅፈው ስትል ጀርባውን አመማቸው፤ ግንባራቸውን አገጣጠሙ።

በሳምንቱ ሄድኩና ልነግረው የሄድኩበትን ነገርኩት። «ወዬሳ፣ ያን ዕለት እኔም እጄን አውጥቻለሁ።»

«አይቻለሁ» አለ። «ከግራ ሦስተኛው ነበርክ።» ከዚያ ሻይ እንዲመጣልኝ አዘዘ።

ይርጋለምም ሄዳ ነበር። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ» አለችው።

«መልክሽን ሳላውቅ ስምሽን በየቀኑ እሰማው ነበር» አላት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንድ ወር ሙሉ አላናገራትም። ከዚያ አንድ ጠዋት በሁለት ምርኩዝ እየተጎተተ ትምህርት ቤት መጣ። የቀኙ ናሙና አሁንም ይዞራል። የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ የወፍጮው ሞተር ትዝ አለውና በሩ ላይ አስመለሰው። አፉን ጠርጎ ገባ።

«ይቺኛይቱ ስንት ደረሰች?»

«ሁለት መቶ አርባ ሚሊዮን» አለችው።

«ወንበር አለ?»

ከዚያ ወዲያ አሥር ዓመት ከዚያ ሞተር ጎን ተቀመጠ። ፋብሪካው መቆም የማይችል ሰው አልፈልግም ብሎ አሰናብቶት ነበርና ትምህርት ቤቱ በረዳትነት ቀጠረው። በየጠዋቱ ሞተሩ ሲነሳ ሸሚዙ በላብ ይርሳል፤ ድምፁን አልለመደውም። የቀኙ ናሙና ስምንት መቶ ሚሊዮን አልፎ ተሰበረ። ሌሎችን ቀረጸ፤ አንዳንዶቹ ከቆዳቸው፣ አንዳንዶቹ ከውስጥ ተሰበሩ፤ ከሚሊያርድ በላይ ዞረው ያልተሰበሩም ነበሩ። የቁጥር ሦስትን ሻፍትም ሰብረን አይተናል። ምንም አልነበረባትም። ከአንድ ዘንግ ተቆርጣ እንዴት እንደተረፈች ይርጋለም አላወቀችም፤ አላውቅም ብላም በሪፖርቷ ጻፈች። ከሚኒስቴር የመጣው መልስ፣ አንድ ሞተር ለምን ዓመት ሙሉ መብራት ይበላል የሚል ነበር። ወዬሳ ደብዳቤውን አንብቦ በሳቅ ፈረሰ፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ፋብሪካችን ግን ሻፍት ሁሉ ደህና ቢመስልም በየዓመቱ እንዲቀየር ወሰነ። በዚያ አዳራሽ ከአምባዬ በኋላ በሻፍት የሞተ የለም።

ወዬሳ ግንቦት 1980 ላይ ኩላሊቱ ከድቶት ሞተ። ሐኪሙ ድሮ የደረሰበት ምት ነው አለ። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እልፍነሽ ከሐዘን ተነስታ ይርጋለምን ቶርኖ አስተምሪኝ አለቻት። ትከሻዋ ጠማማ ሆኖ ስለገጠመ መሣሪያውን በግራ እጇ እየያዘች ተማረች። ሦስት ዓመት ናሙና ቀረጸች።

ግንቦት 1983 ላይ የሚሸሹ ወታደሮች ከተማውን ሲያልፉ የትምህርት ቤቱን ወርክሾፕ በር በጥይት ከፈቱ። እልፍነሽ ውስጥ ነበረች። አንዱ ሞተሩን ከነመቀመጫው ነቅሎ ሲያነሳ፣ እየዞረች ያለችው ናሙና ተስፈንጥራ ክንዱን ቀደደችው። በንዴት ጠመንጃውን ደገነባት።

«ደምህን ላስርልህ ወይስ ትገድለኛለህ?» አለችው።

ወታደሩ ልጅ እግር ነው፤ የሚፈሰውን ደሙን አየ። ጠመንጃውን አወረደ። ነጠላዋን ቀዳ አሰረችለት። ሞተሩን ይዘው ሄዱ። እሷም በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ወለሉ ላይ የተበተኑትን የናሙና ስብርባሪዎች ከጥይት ቀለሁ ለይታ መልቀም ጀመረች።